አሥራ አራት መስመር ፊርማ

የደንበኛችን እናት ያረፉት ሰኞ ዕለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ የሐዘን መልእክት ጻፍኩ። ብዙ አልጻፍኩም። «የእናትዎን ዕረፍት ሰምተን በጣም አዝነናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ መጽናናቱን ይስጥልን» አልኩና ላክሁት። ቡናዬን ሳልጨርስ መልስ መጣ። «ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ። ንቧን ግን ምን አሳቃት?» ይላል።

የምን ንብ? የላክሁትን ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። ከጸሎቱ ሥር፣ በቢጫ፣ በትልቁ፣ «ጣፋጭ ቀን ይሁንልዎ!» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ ጥርሷን ገልጣ አንድ ዓይኗን የጠቀሰች ንብ። የድርጅታችን ሎጎ ናት። በእያንዳንዱ ኢሜይል ግርጌ በራሷ እንድትገባ ያደረግኋት ደግሞ እኔው ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማርና እህል በምታቀርብ ትንሽ ድርጅት ነው። ከቾቄ ሥር እስከ ዳንግላ ድረስ ከገበሬ እንሰበስባለን፤ ለአዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎም ለውጭ ገዢ እንልካለን። ደብዳቤው፣ የዋጋ ማቅረቢያው፣ «ጭነቱ የት ደረሰ?» ለሚለው መልሱ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። በቀን ከሠላሳ ኢሜይል አላንስም። ግርጌ ላይ ያለችው ነገር ትንሽ ብትመስልም በቀን ሠላሳ ጊዜ ሰው ፊት ትቀርባለች ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ሲግኔቸር ነው የምንላት፤ እዚህ ፊርማ እላታለሁ።

የያኔው ፊርማዬን ልንገራችሁ። መጀመሪያ «ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር» ይላል። ቀጥሎ ስሜ ከነአያቴ፣ በሐምራዊ፣ በተንጋደደ ፊደል። የሥራ መደቤ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። የድርጅቱ ስም በሁለቱም ቋንቋ። ሁለት ሞባይል፣ አንድ የቢሮ ስልክ፣ አንድ ፋክስ። ፋክሱን ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ፖስታ ሳጥን ቁጥር። የኢሜይል አድራሻዬ፣ ያውም ሰውዬው ገና አሁን መልእክት የደረሰው ከዚያው አድራሻ ሆኖ ሳለ። የቴሌግራምና የፌስቡክ ምልክት። ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ጥቅስ። «ከማተምዎ በፊት ስለ ዛፎች ያስቡ» የሚል ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር። ከዚያ ያቺ የጣፋጭ ቀን ምኞትና ንቧ።

ቆጠርኩት። አሥራ አራት መስመርና አራት ሥዕል። የሐዘን መልእክቴ ራሷ ሦስት መስመር አትሞላም ነበር።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ለጉዳይ ከተማ መጥተው ቢሮዬ ጎራ አሉ። ቅኔ የተማሩት ዋሸራ ነው። ዓይናቸው ጽሑፍ ላይ አያልፍም። ስክሪኑን ቆም ብለው አዩና፣

«አንች፣ ይኸ ሁሉ ስምሽ ነው?» አሉኝ።

«ፊርማ ነው ጋሸ። ማን እንደጻፈው እንዲያውቁ ነው።»

«ጉባኤ ቃና እኮ በሁለት ቤት ያልቃል። ሰሙንም ወርቁንም ይዞ። አንች ማን እንደሆንሽ ለመናገር አሥራ አራት ቤት ፈጀብሽ?»

ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው ጾም ነው ብለው ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት ሥራ አልሠራሁም። ፊርማዬን መቁረጥ ጀመርኩ።

እየቆረጥኩ ሳለ ሌሎች ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉት ላነብ ገባሁ። የሚገርመው፣ የኢንተርኔት ሰዎችም ነገሩን የጨረሱት ቀድመው ነው። በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የኢንተርኔት የጨዋነት መመሪያ አለ፤ አርኤፍሲ 1855 ይባላል፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፍባቸው ባለ ቁጥር ሰነዶች መጠሪያ ነው። ፊርማ ከአራት መስመር አይብለጥ ይላል። ምክንያቱ ደግሞ ልቤን ነካው፤ ብዙ ሰው ለኢንተርኔት የሚከፍለው በደቂቃ ስለሆነ መልእክትህ በረዘመ ቁጥር ተቀባዩ ይከፍላል ነው የሚለው። ያ ለእነሱ አልፎ ይሆናል። ለእኛ መቼ አለፈ? ቢቸና ያለው ማር ሰብሳቢያችን የቀን ጥቅል ገዝቶ ነው ኢሜይል የሚከፍተው። አራቱን ሥዕሌን በየቀኑ በገንዘቡ ሲያወርዳቸው ኖሯል።

ሌላም አሮጌ ልማድ አለ። ከመልእክቱ ጨርሰህ ፊርማው ከመጀመሩ በፊት፣ ለብቻው መስመር ላይ፣ ሁለት ሰረዝና አንድ ባዶ ቦታ ይቀመጣል። ባዶ ቦታዋ አትታይም፤ ግን ከልማዱ አንዷ ክፍል ናት። ይህን የሚያውቅ የኢሜይል ፕሮግራም ከሰረዙ በታች ያለው ፊርማ እንደሆነ ይገባውና ሰው ሲመልስ ቆርጦ ይጥለዋል። በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው አርኤፍሲ 3676 ላይም ተጽፏል። ጂሜይል ፊርማ ስታስገቡ ከላዩ ሁለት ሰረዝ የሚጨምረው ከዚህ የመጣ ነው። እኔ ለዓመታት ስህተት መስሎኝ በእጄ ሳጠፋው ነበር።

አሁን ፊርማዬ ይህች ናት፦

ስም የአባት ስም
የሽያጭ ባለሙያ፣ የድርጅቱ ስም
ደብረ ማርቆስ፣ ኢትዮጵያ
+251 900 000 000

ስልኩ የምሳሌ ነው፤ አትደውሉበት። ለውጭ ሰው ስጽፍ ይህችኑ በእንግሊዝኛ አደርጋታለሁ። ሁለቱን ቋንቋ ባንድ ላይ አልደርብም፤ ጂሜይልም አውትሉክም ከአንድ በላይ ፊርማ ማስቀመጥና እንደ ተቀባዩ መምረጥ ያስችላሉ። «ከሰላምታ ጋር» የለችበትም። የወጣችው ሆን ብዬ ነው። ሰላምታ በእጅ ይጻፋል። ለሐዘንተኛ የሚባለው ሌላ፣ ሒሳቡን ላዘገየ ደንበኛ የሚባለው ሌላ ነው። ማሽን ሲጨምረው ሁሉም አንድ ይሆናል። ጥቅሱም በዚሁ ምክንያት ወጣ። ዳዊትን ጠልቼ አይደለም፤ ግን «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን «ቀሪ ክፍያዎን እስከ ዓርብ ያስገቡ» ከሚለው ሥር ማየት ለዳዊትም አይመጥንም።

ወደ ሥዕሎቹ ልመለስ፤ ትልቁን ኪሳራ ያመጡት እነሱ ናቸው።

አንድ የአዲስ አበባ ገዢ የዋጋ ዝርዝር ጠየቀን። ከዚያ በፊት ስለ ማሩ ዓይነት፣ ስለ ማሸጊያው፣ ስለ ጭነቱ ስድስት ጊዜ ያህል ተጻጽፈናል። እያንዳንዱ መልሴ ሥር አራት ሥዕል አለ፤ ሥዕሎቹ ደግሞ ስንመላለስ አብረውን ይመላለሳሉ። የዋጋ ዝርዝሩን በኤክሴል አያይዤ ላክሁ። ሰውዬው በስልኩ ከፈተው። ያየው የአባሪ ክምር ነው፤ ኢሜጅ 001፣ ኢሜጅ 002 እያለ የሚወርድ። የመጀመሪያውን ነካ፤ ንብ። ሁለተኛውን ነካ፤ ቅጠል። ሦስተኛው የቴሌግራም ምልክት። አራተኛውን እንኳ ሳይከፍት ተወው። በሁለተኛው ቀን ስደውልለት «እህቴ፣ እኔ የጠየቅሁሽ ዋጋ ነው፤ አንቺ የላክሽልኝ ሥዕል ነው» አለኝ። ማሩን ከሌላ ገዝቶ ነበር። ልወቅሰው አልችልም።

ይህ የሚሆነው ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ፊርማ ውስጥ ያለውን ሥዕል እንደ ተያያዘ ፋይል ስለሚቆጥሩት ነው። ስለዚህ ምንም ባታያይዙም የወረቀት መያዣዋ ምልክት በእያንዳንዱ መልእክታችሁ ላይ ትታያለች። ቆይቶ ተቀባዩ ይለምዳታል። እውነተኛ አባሪ ስትልኩም አያምናችሁም። ከሌላ ድረ ገጽ እንዲመጣ የተደረገ ሥዕል ደግሞ ብዙ ጊዜ ይታገድና በቦታው ባዶ ሳጥን ይቀራል። ሎጎ ግዴታ ከሆነ አንድ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ በስልክ ካሜራ ከግድግዳ ላይ የተነሣ አይሁን። የእኛ ንብ በስልክ የተነሣች ነበረች። ሦስት ሜጋ ባይት ትመዝን ነበር።

ስልክ ቁጥር ላይም ተምሬያለሁ። 09 ብሎ መጻፍ አገር ውስጥ ይሠራል፤ ከውጭ የሚደውል ግን የት አገር እንደሆነ በምን ይወቅ? +251 አስቀድሙ፤ ስታስቀድሙ ዜሮዋን ጣሏት። «+251 09» ብሎ የሚጽፍ ሰው በየቀኑ አያለሁ፤ ያ ቁጥር አይሠራም። የቢሮ ስልክም ያው ነው። የኛ የአካባቢ ቁጥር 058 ስለሆነ +251 58 ብሎ ይጀምራል። አንድ ቁጥር ይበቃል። ሦስት ቁጥር ስትሰጡት የትኛው እንደሚነሣ ገምት እንደማለት ነው።

የሥራ ሰዓት ከጻፋችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። እኔ «2:00–11:00» ብዬ ጽፌ ነበር። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንገባለን፣ ማታ አሥራ አንድ እንወጣለን። አንድ አሜሪካ ያለ ገዢ ይህን አምኖ ደወለ። ስልኬ ሲጮህ ሰዓቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነበር። በእነሱ አቆጣጠር 3:00 ነው፤ ከሁለት እስከ አሥራ አንድ መሃል ናት፤ ሰውዬው ምን አጠፋ? እናቴ «ማን ሞተ?» ብላ ከመኝታዋ ተነሣች። በገጠር የሌሊት ስልክ ሌላ ትርጉም የለውም። የሥራ ሰዓቱን ያን ሌሊት በስልኬ አጠፋሁት።

ስም ላይ ያለው ጣጣ የሁላችንም ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስደውና በአባታችን ስም ይጠራናል፤ ያውም «ሚስተር» ብሎ። ስሜን ከነአያቴ በጻፍኩ ጊዜማ ሰላምታው ለአያቴ ነበር። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር። አባቴ ደጀን አካባቢ ጤፍ ያርሳል፤ «ከጀርመን አገር ሰላም ብለውሃል» ስለው «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ ደንግጦ ጠየቀኝ። አሁን ለውጭ ሰው ስጽፍ ከመልእክቱ መጨረሻ በራሴ ስም ብቻ እሰናበታለሁ፤ ፊርማው ላይ ደግሞ ሁለቱን ስም አደርጋለሁ። ሰው የምሰናበትበትን ስም አይቶ በዚያው ይጠራኛል። ሴት መሆኔን ማወቅ ለሚያስፈልገው ከስሜ ጎን ወ/ሪት የምትለዋን የእንግሊዝኛ አቻ በቅንፍ አስገባለሁ። በአማርኛው ላይ አላስገባም፤ ራስን ወይዘሪት ብሎ መጥራት ለጆሮዬ ይጎረብጠኛል። ስማችሁን በላቲን ፊደል ስትጽፉም እንደ ፓስፖርታችሁ አድርጉት። እኔ አንዴ በአንድ ኤች፣ አንዴ በሁለት ኤስ እየጻፍኩ ባንክ ቤት ቀን ሙሉ ውዬበታለሁ።

አሁን ወደ ማህተሙ።

አለቃችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን በወረቀት ያደጉ ናቸው። አንድ ቀን በእጅ የፈረሙትን፣ ቲተራቸውንና የድርጅቱን ክብ ማህተም ስካን አስደርገው መጡ። «ይህን ከሁሉም ኢሜይል ሥር አስገቢልኝ። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ምኑን ደብዳቤ ሆነ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አገሩ ሁሉ በማህተም ነው የሚያምነው፤ ውሸት አልተናገሩም። ዝም ብዬ አንድ ነገር አደረግሁ። ራሳቸው ፊት ማህተሙን ከኢሜይሉ ላይ ገልብጬ ባዶ ዎርድ ላይ ለጠፍኩት። ከላዩ «ለአምጪው ሃያ ኩንታል ጤፍ ይሰጠው» ብዬ ጻፍኩበት። አተምኩና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩት። «ቅደጅው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ስካኑም ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

የኢሜይል ግርጌ ላይ ያለ ጽሑፍ ሕግ ፊት የሚቆም ፊርማ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ሁለቱን አታምታቱ። በአገራችን ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1072/2010። እሱ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ፈራሚው ማን እንደሆነና ሰነዱ እንዳልተነካካ ስለሚረጋገጥበት ዘዴ። የእኔ አራት መስመር መጠሪያ ናት እንጂ ማረጋገጫ አይደለችም። ማህተም የግድ የሚያስፈልገው ሰነድ ካለ ደብዳቤውን በወረቀት እንጨርስና ስካኑን በፒዲኤፍ እናያይዛለን። የሚሄደውም ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው።

ፊደሉንም ልንገራችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በማንኛውም ደህና ስልክ ላይ አማርኛ ይነበባል። ችግር የሚመጣው ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በመሰል አሮጌ ፎንት ከተጻፈ ፋይል ላይ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ነው። እናንተ ጋ አማርኛ ሆኖ ይታያል፣ እሱ ጋ የተበጣጠሰ የላቲን ፊደል ይሆናል። በአዲስ ጻፉት። ከዎርድም ገልብጣችሁ አትለጥፉ፤ የማይታይ ኮተት ይዞ ይመጣል፤ የፊደሉ መጠን የተዘበራረቀ ፊርማ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከዎርድ የመጣ ነው። ቀለም? ጥቁር። ሐምራዊውን ለሠርግ ጥሪ ተዉት።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጂሜይልን በኮምፒዩተር ከፍታችሁ ከላይ በቀኝ ያለችውን የማርሽ ምልክት ትነካላችሁ፤ ሙሉ ሴቲንጉን ትከፍታላችሁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ወደ ታች ስትወርዱ የፊርማው ሳጥን ይመጣል። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ለአዲስ መልእክት የሚገባው፣ ሌላው ስትመልሱና ስታስተላልፉ የሚገባው። ለመልሱ ባዶ አድርጉት፣ ወይም ስምና ስልክ ብቻ ተዉበት። አሥር ጊዜ የተመላለሰ መልእክት ውስጥ አሥር ጊዜ አድራሻ ማንበብ ያደክማል። አውትሉክም ሁለቱን ለያይቶ ይጠይቃችኋል። ስትጨርሱ ከታች ያለውን የማስቀመጫ ቁልፍ ካልነካችሁ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ።

ስልካችሁ ላይ ያለው ለብቻው ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። የአይፎን ሜይል ተጠቃሚ ከሆናችሁ ምንም ሳታደርጉ «ከአይፎኔ የተላከ» የሚል በእንግሊዝኛ ይገባል። ለጓደኛ ምንም አይደል። ዋጋ እንዲቀንስ እየለመናችሁት ላለ ገበሬ ስትልኩት ግን አያምርም።

ከዚያ ሞክሩት። ለራሳችሁ ላኩ፣ በቢሮው ውስጥ ባለው በጣም ርካሽ ስልክ ክፈቱት። የእኛ ቢሮ ጥበቃ ስልክ ስክሪኗ የተሰነጠቀ ናት፤ እሷ ላይ ያለ ችግር ከተነበበ የትም ይነበባል። ስልክ ቁጥሩን በጣታችሁ ነክታችሁ ይደውል እንደሆነም እዩ።

ሐዘንተኛው ደንበኛችን ከአርባው በኋላ ደወለ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠኝ። «ተይው እህቴ፣ እናቴም ንብ ታነብ ነበር፤ ታስቃት ነበር» አለኝ። ሃምሳ ኪሎ ነጭ ማር አዘዘ። ለትዛዙ ማረጋገጫ የላክሁለት መልእክት አራት መስመር ነው፣ ከሥሩ አራት መስመር።

የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ ግን ፋክሱን ከፊርማው አላወጣም ብሏል። ግምጃ ቤት ሄዶ አቧራውን አራግፎለት መጣ። ሶኬት ጎድሎት ነው እንጂ ይሠራል ይላል።